በየትኛው በር እንውጣ? እየቆሙ ለሚጓዙ ሰዎች የአዲስ አበባ መውጫዎች ሲነጻጸሩ

አምና ለትንሳኤ ሐዋሳ ወረድን። ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ላይ የክፍያ መንገዱ ውስጥ ገባን፣ ሞጆ ላይ ወጣን፣ እዚያው ሌላ የክፍያ መንገድ ገባን። ለምሳ ሐይቁ ዳር ነበርን። ማታ የሰባት ዓመቷን ልጄን «መንገድ ላይ ምን አየሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ብረት» አለችኝ። የመንገዱን ዳር አጥር ማለቷ ነው።

እውነቷን ነው። የፍጥነት መንገድ ላይ መኪና ካልተበላሸ በቀር አይቆምም። በቆሎ የሚጠብስ የለም፣ ቡና የምታፈላ የለችም፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብሎ ወርዶ ማየት የለም። ለመድረስ ግሩም ነው። ለመጓዝ ግን ምንም አይጥምም።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት «የት እንሂድ?» የሚባል ነገር ቀርቷል። አሁን የምንጨቃጨቀው በየትኛው በር እንውጣ በሚለው ነው። የምንኖረው አለም ገና ነው፣ የጅማና የቡታጅራ መንገድ የሚለያዩበት ቦታ። ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚችው ቪትዝ በሁሉም አቅጣጫ ወጥተናል። አገር አቋርጣችሁ ርቃችሁ የምትሄዱም ብትሆኑ፣ ደርሳችሁ የምትመለሱም ብትሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች ያው ናቸው። እና እነሱን ላወዳድርላችሁ።

መለኪያዬ ቀላል ነው። መኪናዋን ዳር አውጥቶ መቆም ይመቻል ወይ? ሲቆም የሚታይ ነገር አለ ወይ? የሚበላስ? በመጨረሻም ያቺ ዝቅ ያለች ቪትዝ ትችለዋለች ወይ? የመድረሻው ውበት መለኪያዬ ውስጥ የለም። ሐይቅና ሆቴል ሁሉም ጋ ይገኛል።

የቡታጅራ መንገድ፦ የኔ አንደኛ

ይሄን መንገድ የማስቀድመው ቤቴ በሩ ላይ ስለሆነ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ስለሆነም ነው። ግን በ90 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይሄን ያህል ጉድ የደረደረ ሌላ መንገድ አላውቅም።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ አዋሽን ትሻገራላችሁ። እዚያ ነው መልካ ቁንጡሬ። ታፔላው ትንሽ ነው፣ ፍጥነት ላይ ከሆናችሁ ታልፉታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የሚባል የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ እዚህ የድንጋይ መሣሪያዎች አገኘ። ከዚያ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ የሚሄድ የሰው ልጅ አሻራ ቆፍረው አወጡ። ሙዚየሙ የሣር ጎጆ የሚመስሉ ክብ ቤቶች ነው። ውጫዊ ገጽታውን አይታችሁ አትናቁት። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር አብሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

እዚያ ከተነገረን ሁሉ ልቤን የወሰደው የእግር ዱካው ነው። የዛሬ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ትልልቆችና ሕፃናት ጭቃ ላይ ረግጠው አልፈዋል፣ ዱካውም ደርቆ ቀርቷል። ከሕፃናቱ አንዱ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር። አስጎብኚው መሬቱ ላይ በጣቱ መጠኑን አሳየን። ልጄ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ከጎኑ አስቀመጠች። የሷ በለጠ። ኩራቷን ብታዩት።

ባልጪት ማለት ደግሞ ያ ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው። በአካባቢው መሬቱ ላይ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። የጥንት ሰዎች ቢላቸውን የሠሩት ከሱ ነው። ጠርዙ አሁንም ይቆርጣል። እዩት፣ ወደ ኪስ ግን አታስገቡት። ቅርስ ነው፣ ደግሞ ኪስ ይቀድዳል።

ከዚያው አካባቢ ወደ አዳዲ ማርያም የሚገባ መንገድ አለ። ከአንድ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ትውፊቱ ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣታል። ከአዲስ አበባ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ! «አንድ ቀን ላሊበላን አያለሁ» እያለ ዓመት የሚቆጥር ሰው ሞልቷል፣ የዚችን ስም እንኳ የማያውቅ። ውስጡ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ ባዶ እግርን ያረሰርሳል። ካልሲ ይዛችሁ ግቡ።

ጥንቃቄ ግን አለ። ወደ አዳዲ የሚያስገባው ኮረኮንች ነው። እኔ እዚያ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ። ችግር የለም ብዬ ስኮርታውን አወጣሁ። ንፋስ የለውም! ለካ ከሁለት ወር በፊት ያስጠገንኩበት ጎሚስታ ብሩን ተቀብሎ ጎማውን እንዳለ መልሶልኛል። አንድ ልጅ በፈረስ ጋሪ ጎማውን ወስዶ አስጠግኖ እስኪመልስልን ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። እማዬ የያዘችውን በሶ በጠበጠች። ከመውጣታችሁ በፊት ስኮርታችሁን ረግጣችሁ ሳይሆን አስለክታችሁ አረጋግጡ።

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሳችሁ ትንሽ ስትነዱ ጢያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ 36 ትክል ድንጋዮች እዚያ ቆመዋል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ አህመድ ዘመን በፊት የቆሙ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። አብዛኞቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። አንዱ ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ብዙ። አስጎብኚዎቹ የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የገደለው ጠላት ቁጥር ነው ይላሉ። እኔ እንጃ። እንሰት የሚመስል ቅርጽም አለ፣ ከሰይፉ ስር። በቁፋሮ የተገኙት አጽሞች አብዛኞቹ የወጣት ናቸው፣ እንደ ጽንስ ተኮራምተው የተቀበሩ።

ልጆች ላሏችሁ ብልሃቱ ይኸውላችሁ፦ ሰይፍ እንዲቆጥሩ አድርጉ። ብዙ ያገኘ አንድ ሚሪንዳ ያሸንፋል። እኛ በዚህ ዘዴ አንድ ሰዓት ሙሉ በሰላም አሳልፈናል። «መቼ ነው የምንሄደው?» የሚል ሰው አልነበረም።

ጊዜ ካላችሁ እስከ ቡታጅራ ግፉ፣ 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ክትፎ በአይብና በቆጮ የሚበላው እዚያ ነው፤ ከተማ ውስጥ የምንበላውን ያስንቃል። ከቡታጅራ ትንሽ አለፍ ብሎ ሀረ ሸይጣን የሚባል አረንጓዴ ሐይቅ አለ፣ እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ። ዙሪያው ገደል ነውና ልጅ እጅ ይያዝ። አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ድንጋይ አንስቶ ወደ ውሃው ይወረውራል። የኔ አልደረሰም። የባለቤቴ ደረሰ ብላ ትከራከራለች።

የደብረ ብርሃን መንገድ፦ ለእናቶች

በለገጣፎ ወጥታችሁ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን ታልፋላችሁ። እዚህ ታሪክ ፈልጋችሁ አትውጡ። የዚህ መንገድ ጣዕሙ ኑሮው ራሱ ነው። ኩበት እንደ ጉልላት ተቆልሎ፣ ላዩ ተለስኖ፣ በየግቢው ቆሞ ታያላችሁ። ከሩቅ ትንሽ ቤት ይመስላል። ልጄ «እዚያ ውስጥ ማን ነው የሚኖረው?» ብላ አስቃናለች። የድንጋይ አጥር፣ ጋቢ የደራረበ ገበሬ፣ ንፋስ። ጃኬት ያልያዘ ሰው ሸኖ ላይ ይጸጸታል።

ሸኖ ላይ ደግሞ እማዬ «ቁምልኝ» አለች። የሸኖን ቅቤ የማያውቅ የለም። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ወደተቀመጠች ሴትዮ ሄደች። ዋጋ አልጠየቀችም። ጫፉን በጥፍሯ ፋቅ አደረገች፣ የግራ እጇ ጀርባ ላይ ቀባችው፣ አሸት አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«የመቼ ነው?»

«የትናንት ነው እትዬ፣ ለጋ ነው።»

«የትናንትማ እንዲህ አይሸትም። የሳምንት በይኝ እንጂ።»

ሴትየዋ ሳቀች። ምንም ሳትናገር ከዘንቢሏ ስር ሌላ ጥቅል አወጣች። እሱን እማዬ ቀባች፣ አሸተተች፣ ዝም አለች። ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የተወራው፣ እሱም ሌላ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። እኔ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ቅቤ ግዢ ላይ ወንድ ከተጠጋ ዋጋ ይጨምራል፣ የእማዬ ሕግ ነው።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ የመሠረታት ከተማ ናት፣ ስሟም ከዚያ መጣ። ብርድ ልብሷና አረቄዋ ለአንድ ዓላማ የተሠሩ ናቸው፣ ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች። ሹፌር ከሆናችሁ ብርድ ልብሱን ብቻ ግዙ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ምርጫ አለ። በስተቀኝ ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የምኒልክ የቀድሞ መናገሻ። ወይም ቀጥ ብሎ ጣርማ በር። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አለ፣ ከ500 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው። በዚህ በኩል በፀሐይ ትገባላችሁ፣ በዚያ በኩል ጉም ውስጥ ልትወጡ ትችላላችሁ። መሬቱ እግራችሁ ስር ይጠፋል፣ ገደሉ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ግዙ። መስኮታችሁን ሳትከፍቱ ሻጮቹ ከበዋችኋል። ክረምት ላይ ግን ዋሻውን ለማለፍ አትሞክሩ እላለሁ፣ ጉሙ የፊታችሁን ሲኖትራክ እንኳ ይውጠዋል።

ከቡታጅራው ጋር ሳወዳድረው፦ አስፋልቱ ደህና ነው፣ መቆሚያው ብዙ ነው፣ ለቪትዝ ምንም ችግር የለበትም። ልጆች ግን ቶሎ ይሰለቻቸዋል። የሚነካና የሚቆጠር ነገር ያንሳል። ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም።

የጎጃም መንገድ፦ ዕይታ ለሚወድ

እንጦጦን ወጥታችሁ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ ሰዓቱን አስቡበት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሆነ ሯጮቹን ታገኟቸዋላችሁ። በቡድን በቡድን፣ ትንፋሻቸው እየጨሰ፣ ከመኪናችሁ ጎን ይሮጣሉ። ነገ ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ሰው ሊሆን ይችላል። መስከረም ላይ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ያኔ መኪና የማያቆም ሰው የለም፣ ፖሊስም ያቆማል።

ከጫንጮ አካባቢ ግን የሲሚንቶ መኪኖች ይበዛሉ። ዳርባና ሙገር ፋብሪካዎቹ በዚያ በኩል ናቸውና። መቅደም ትፈልጋላችሁ፣ ከፊት ሌላ ይመጣል። በትዕግሥት ነው። ጫንጮ ላይ እርጎ ጠጡና ቀጥሉ።

104 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚታጠፈው መንገድ አለ። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት መሠረቱት። አሁን የምታዩት ቤተ ክርስቲያን በአጼ ኃይለ ሥላሴ የተሠራ ነው፣ የመስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ወለሉ ላይ ቀለም ይፈሳል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የጨፈጨፈውም የዚህን ገዳም መነኮሳት ነው፣ የየካቲት 12ቱን የቦምብ ጥቃት ሰበብ አድርጎ። እዚህ ቦታ ላይ ጮክ ብሎ መሳቅና ፎቶ ለመነሳት መሽቀዳደም ያስነውራል።

በቅርብ ርቀት ላይ በእግር የሚደረስበት «የፖርቱጋል ድልድይ» አለ። ፖርቱጋሎች አልሠሩትም። ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው ተብሎ ይታመናል፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ። አስጎብኚ ልጆች ኖራው በሰጎን እንቁላል የተቦካ ነው ይሏችኋል። ስሙ እንደምንም ተጣብቆ ቀርቷል። እኔም እንደዚያው ነው የምጠራው።

ድልድዩ ያለበት ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ይሰማራሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፣ ዋና ምግቡም ሣር ነው። ደረታቸው ላይ ልብ የመሰለ ቀይ ምልክት አለ። ቁጭ ብላችሁ ዝም ካላችሁ እስከ አስር እርምጃ ድረስ ይቀርቧችኋል። በሁለት እጃቸው ሣር ሲነጩ ይሰማችኋል፣ ብዙ ሰው በአንዴ ጎመን የሚቀነጥስ ይመስላል። ሙዝ አትስጧቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ነገ የሌላ ሰው ቦርሳ ይነጥቃል።

ከዚያ ወዲያ ፍቼ፣ ጎሃ ጽዮን፣ ዓባይ በረሃ። ሸለቆውን ማየት ራሱ የሚያስደነግጥ ነው። ነገር ግን ከፍቼ ወዲያ ያለው መንገድ ሰላሙ አንዳንዴ ደህና፣ አንዳንዴ አስጊ የሚሆን ነው። ይሄን ጎጃም መንገድ ላይ በተለይ እላለሁ እንጂ ለሁሉም ይሠራል፦ ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር ጠይቁ። ሾፌር «ትንሽ ይቆይ» ካለ ይቆይ። እኛ ሁለት ጊዜ ከደብረ ሊባኖስ ተመልሰናል፣ ምንም አልቀረብንም።

የቢሾፍቱ አሮጌው መንገድ

ይሄን የምታውቁት ይመስለኛል። ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ዱከም። የፍጥነት መንገዱ በመስከረም 2007 ሲከፈት አሮጌውን ይረሱታል ተብሎ ነበር። አልረሱትም፣ ጥሬ ሥጋው አላስረሳም። ዱከም ላይ ሥጋ ቤት ፊት ለፊት የተደረደሩትን መኪኖች ቁጠሩ።

ታዲያ ይሄ መንገድ ከጾም ጋር አይስማማም። ረቡዕና ዓርብ ከወጣችሁ ወይም ሁዳዴ ከሆነ፣ ግማሽ ጣዕሙ ሄደ። ያኔ የሚቀሩላችሁ የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ አረንጓዴ ሐይቅ፣ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ናቸው። ኩሪፍቱ ግን ሰው ሠራሽ ነው፣ ብዙ ሰው አያውቅም። ከተማ መሐል ስትሄዱ ድንገት መሬቱ ተከፍቶ ሐይቁ ከታች ይታያል፣ ይሄ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የአየር ኃይሉ አካባቢ ስልክ ለፎቶ አታውጡ።

በስተቀኝ ዝቋላን እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ተራራው አናት ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። በቡታጅራ መንገድ ስትሄዱ ያው ዝቋላ በግራ በኩል ይታያችኋል። እማዬ በሁለቱም በኩል ስታየው ታማትባለች።

ለመቆም ከሆነ አሮጌው መንገድ ይሻላል። ለልብ ጤና ከሆነ ግን የፍጥነት መንገዱ፤ ከአይሱዙና ከባጃጅ ጋር መጋፋቱ ያደክማል። እኔ ስሄድ በአሮጌው፣ ስመለስ በአዲሱ ነው።

የአምቦና የጅማ መንገድ

የአምቦው በቡራዩ ይወጣል። ገፈርሳን፣ መናገሻን፣ ሆለታን አልፋችሁ 55 ኪሎ ሜትር ላይ አዲስ ዓለም ትደርሳላችሁ። ይሄ ከተማ ዋና ከተማችን ሊሆን ነበር! በአዲስ አበባ ማገዶ አልቆ ስለነበር ምኒልክ በ1890ዎቹ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዞሩ ማሠራት ጀምረው ነበር። ከዚያ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቶሎ አደገ፣ አዲስ አበባ ማገዶ አገኘች፣ ሐሳቡ ተቀየረ። አዲስ ዓለም ማርያም ቀረችልን፣ ሥዕሎቿና ሙዚየሟ መውረድ የሚያስገድዱ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ስትወጡ የምታዩት ነገር ደግሞ ባሕር ዛፍ የጫነ አይሱዙ ነው። በየአምስት ደቂቃው አንድ። ከተማዋን ያስቀራት እንጨት በፊት ለፊቷ ወደ አዲስ አበባ ይጋዛል።

አምቦ ራሷ ከ115 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። ፍል ውሃውና ያ ጋዝ ያለው ውሃ። በቀረው መንገድ ላይ ያን ያህል የሚያስቆም ነገር አላገኘሁም። ሦስተኛ ወይም አራተኛ አደርገዋለሁ። ለአዲስ ዓለም ብቻ ብላችሁ ግማሽ ቀን ብትሰጡት ግን አትቆጩም።

የጅማው መንገድ የኔው በር ነው፣ ስለሱ ግን ብዙ አልልም። ተፍኪ ላይ ክረምት ሲያልፍ ሜዳው ውሃ ይሞላል፣ ወፍ ይሰፍርበታል፣ ለግማሽ ሰዓት ትቆማላችሁ። ከዚያ ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ወንጪ። ወንጪ እንከን የለውም፣ ሐይቁም ደሴቱ ላይ ያለው ገዳምም። ግን ወንጪ መድረሻ ነው። ሰው ወንጪ ለመድረስ እየቸኮለ ነው የሚነዳው። ከተፍኪ በኋላ እኔም ቸኩያለሁ።

ታዲያ ማን በየት ይውጣ?

ከአስር ዓመት በታች ልጅ ካለ ቡታጅራ፣ ያለ ክርክር። እናትና አክስት ይዛችሁ ከሆነ ደብረ ብርሃን፣ ግን ግዢው ላይ አታጣድፏቸው። ከባለቤት ጋር ብቻ፣ ዝም ብሎ ለመቀመጥ፣ ደብረ ሊባኖስ። ጓደኛ ከሆናችሁና ጾም ካልሆነ ዱከም፣ የሚነዳው ሰው ግን አስቀድሞ ይለይ። ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ አዲስ ዓለም፣ ወይም እስከ መልካ ቁንጡሬ ደርሶ መመለስ።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ሌላ ሒሳብ አላችሁ። ከከተማ ስትወጡ ቻርጅ ማድረጊያ ማግኘት ከባድ ነው፣ ዳገት ደግሞ ባትሪውን ይበላል። ጎረቤቴ ደብረ ሊባኖስ ደርሶ ሲመለስ እንጦጦ ዳገት ላይ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ፣ ሬዲዮውን አጥፍቶ፣ ሚስቱን ዝም አሰኝቶ ነው የገባው። ለናንተ መልካ ቁንጡሬ፣ ቢሾፍቱና አዲስ ዓለም ይበቃሉ። ነዳጅ የምትሞሉም በዋዜማው ማታ ሙሉ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ፀሐይ ይወጣባችኋል።

ዝርዝር ብር ያዙ። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ኮባ የጠቀለለች ሴትዮ ጋ ግን ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። መግቢያ ስትከፍሉ ደረሰኝ ጠይቁ። ኬላ ላይ እንዳትጉላሉ ቦሏችሁንና መንጃ ፈቃዳችሁን እዩ።

ስትመለሱ ደግሞ እሁድ ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ ተነሱ። ከዚያ ካለፈ በሁሉም በር መግቢያው ይዘጋል፤ ሱሉልታም፣ ለገጣፎም፣ ሰበታም ያው ነው። እኛ ከሸኖ የተመለስን ዕለት ዘግይተን ለገጣፎ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመናል። መስኮቱን እንዳንከፍት አቧራ፣ እንዳንዘጋ የእማዬ ቅቤ። «መልካም ሽታ ነው፣ ምን ሆናችሁ?» ትላለች ከኋላ። ቪትዟ እስከ ጥምቀት ድረስ ሸኖ ሸኖ ስትል ነበር።